ኤፍ አይ ፒ የያዛት ድመት ትድናለች፤ ኪኒኑ ግን በሚዛን ነው የሚሰጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ኤፍ አይ ፒ (ፊላይን ኢንፌክሽየስ ፔሪቶናይቲስ) የሚባለው የድመቶች በሽታ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባል ጊዜው አልፎበታል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ እውነት ነበር። ሆዷ ውሃ የቋጠረ ድመት ወደ ክሊኒክ ስትመጣ ሐኪሙ ሊያደርግላት የሚችለው ሥቃይዋን ማሳጠር ብቻ ነበር። ዛሬ በጊዜ የተደረሰላትና በትክክለኛው መጠን የታከመች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች። ሆኖም መድኃኒቱ በእጅ እያለ የሚሞቱ ድመቶች አሁንም አሉ። ልንከላከላቸው ከምንችላቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ መጠኑ ከመጀመሪያው ማነሱ፣ ድመቷ ክብደት ስትጨምር መጠኑ አብሮ አለመጨመሩ፣ እንዲሁም «ተሻላት» ተብሎ ሕክምናው ቀድሞ መቋረጡ ናቸው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ስለ እነዚህ ነው።

በአማርኛ መጻፉ የግድ ነው ብለን እናምናለን። በዱባይ፣ በዶሃ፣ በኩዌትና በቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን የአሠሪዎቻቸውን ድመት የሚመግቡት፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋ የሚቀይሩት፣ ስትታመምም መድኃኒቱን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የሐኪሙ መመሪያ ግን በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ተጽፎ ለአሠሪዋ ይሰጣል፤ ኪኒኑን በእጇ ለምትይዘው ሰው የሚደርሳት «በቀን አንድ ጊዜ ስጫት» የሚል ቃል ብቻ ነው። በዋሽንግተንና በለንደን አካባቢ ደግሞ የራሳቸውን ድመት የሚያሳድጉ ወገኖች አሉ።

ስለ በሽታው በአጭሩ እንበል። መነሻው የድመት ኮሮና ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በአንጀት ይኖራል፣ በዓይነ ምድር ይተላለፋል፣ ብዙ ድመቶች አብረው በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉንም ያዳርሳል። አብዛኞቹ ቀላል ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ወይም ምንም ሳይታይባቸው ያልፋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ቫይረሱ በድመቷ ሰውነት ውስጥ ይለወጥና ማክሮፋጅ የሚባሉትን የነጭ ደም ሴሎች መውረር ይጀምራል። ከዚያ የደም ሥሮች ይቆጣሉ፣ ፈሳሽ ወደ ሆድ ወይም ወደ ደረት ይንጠባጠባል። በብዛት የሚጠቁት ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ድመቶች ናቸው። ሰውን አይዝም፤ ኮቪድ-19ን ካመጣው ቫይረስም የተለየ ነው። ስለዚህ ድመቷን ፈርቶ ከቤት ማስወጣት አያስፈልግም።

መድኃኒቱ ጂ ኤስ 441524 ይባላል። ቫይረሱ የዘር ቅጂውን ሲያባዛ የሐሰት ቁራጭ ሆኖ ይገባና ማባዛቱን ያቋርጠዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኙት ፕሮፌሰር ኒልስ ፔደርሰንና ባልደረቦቻቸው በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በተፈጥሮ የታመሙ 31 ድመቶችን በዚህ መድኃኒት አክመው 25ቱ ለረጅም ጊዜ በሕይወት ቆይተዋል። ያኔ ከዚህ በሽታ የተረፈች ድመት ማየት ብርቅ ስለነበር ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። የሞለኪውሉ ባለቤት የሆነው ጊሊያድ ኩባንያ ግን ለእንስሳት እንዲውል ፈቃድ አልሰጠም። ይህ ነው ዓመታት የቆየውን ጥቁር ገበያ የፈጠረው፤ የድመት ባለቤቶች ምን እንዳለበት በውል ያልተረጋገጠ ብልቃጥ በኢንተርኔት እያዘዙ በየቤታቸው ሲወጉ ኖሩ። በእንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በግንቦት 2024፣ ሐኪም ለታመመች ድመት አዝዞ በፋርማሲ የሚቀመመውን ጂ ኤስ እንደማይከለክል አሳወቀ፤ ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮም ባለ 50 ሚሊ ግራም ኪኒን መታዘዝ ጀመረ። ዓመታቱም ወሩም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሕክምናው በፊት ምርመራው። አንቲባዮቲክ የማያወርደው ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ ሆዷ እየተነፋ ጀርባዋ አጥንት ብቻ መሆን፣ የድድና የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የዓይን ቀለም መለወጥ፣ የኋላ እግር መወላገድ፤ እነዚህ ሁሉ ጥርጣሬ ያሳድራሉ። አንዱ ምልክት ብቻውን ግን በሽታውን አያረጋግጥም። «የኮሮና ፀረ-አካል ተገኘባት» የሚል የደም ውጤትም አያረጋግጥም፤ ጤነኛ የሆኑ ብዙ ድመቶችም አላቸው። በዚህ ወረቀት ብቻ ድመት ታማለች ብሎ መወሰን፣ ይባስ ብሎም መግደል፣ ትልቅ ጥፋት ነው።

የበለጠ የሚረዳው ከሆድ ወይም ከደረት የሚቀዳው ፈሳሽ ነው። የኤፍ አይ ፒ ፈሳሽ እንደ ገለባ ቢጫ ነው፤ በጣት መካከል ሲያዝ ይሳባል፤ ፕሮቲኑ በሊትር ከ35 ግራም በላይ ሲሆን ሴሎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ትልቅ ላብራቶሪ በሌለበት ክሊኒክ የሪቫልታ ምርመራ ይሠራል። በጠራ የመስታወት ቱቦ 8 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ይቀዳና አንድ ጠብታ አሴቲክ አሲድ፣ ከሌለም ነጭ ኮምጣጤ፣ ተጨምሮ ይደባለቃል። ከዚያ አንድ ጠብታ ከድመቷ ፈሳሽ በውሃው ገጽ ላይ በቀስታ ይለቀቃል። ጠብታው ሟሙቶ ውሃው እንደጠራ ከቀረ ኤፍ አይ ፒ የመሆኑ ነገር ያጠራጥራል። ቅርጹን ይዞ ከላይ ከተንሳፈፈ ወይም እየተጎተተ በዝግታ ከወረደ አዎንታዊ ነው። አዎንታዊ ውጤት ግን በባክቴሪያ በተበከለ ሆድና በአንዳንድ ካንሰርም ይታያል፤ ስለዚህ ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ መታየት፣ ቢቻልም የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልገው ፒ ሲ አር በተባለ ምርመራ መታየት አለበት። በደም ምርመራ ላይ አልቡሚንና ግሎቡሊን የተባሉት ሁለት የደም ፕሮቲኖች ይለካሉ፤ አልቡሚን ለግሎቡሊን ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ይታያል። አልቡሚኑ 20፣ ግሎቡሊኑ 60 ቢሆን ውጤቱ 0.33 ነው። ከ0.4 በታች ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ከ0.8 በላይ ከሆነ ሌላ በሽታ መፈለግ ይሻላል።

በደረቷ ውሃ ሞልቶ ትንፋሽ ያጠራት ድመት ውሃው ወዲያውኑ ሊቀዳላት ይገባል። የሆድ ውሃ ግን መተንፈስ እስካልከለከላት ድረስ ለምርመራ ከሚበቃው በላይ መቅዳት አያስፈልግም። መድኃኒቱ ከጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይመጠጣል።

አሁን ወደ መጠኑ። ዓይኗና አንጎሏ ያልተነካ ድመት በአፍ የምትወስደው ጂ ኤስ በአንድ ኪሎ ክብደት 15 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው። በሽታው ዓይን ውስጥ ከገባ ከ15 እስከ 20 ይሆናል። የመወላገድ፣ የመንቀጥቀጥ ወይም የሚጥል ምልክት ካለ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ማለትም በቀን 20 ይሰጣል። ምክንያቱም መድኃኒቱ ወደ አንጎልና ወደ ዓይን የሚደርሰው በደም ውስጥ ካለው በጣም ባነሰ መጠን ነው። በ2019ኙ ጥናት በኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ይባል የነበረው ከቆዳ በታች ለሚወጋው ነው፤ ያንን ቁጥር አንብቦ ለኪኒን ማዋል ድመቷን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

ስሌቱን በአንዲት ግልገል ድመት እንየው። ክብደቷ 2.4 ኪሎ ነው። በ15 ሲባዛ 36 ሚሊ ግራም ይመጣል። ባለ 50 ሚሊ ግራሙ ኪኒን በአራት ቢከፈል አንዱ ሩብ 12.5 ስለሆነ ሦስት ሩብ 37.5 ይሆናል፤ ይበቃታል። መድኃኒቱ ሲሠራላት መብላት ትጀምራለች፣ ታድጋለች። ከሳምንታት በኋላ 3.2 ኪሎ ስትደርስ ያው ሦስት ሩብ በኪሎ 11.7 ሚሊ ግራም ብቻ ሆኗል። ሰጪዋ አንድም ቀን አላሳለፈችም፣ ድመቷም ደህና ትመስላለች፤ መጠኑ ግን ሳይታወቅ ወርዷል። ያኔ የሚያስፈልጋት 48 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኪኒን ነበር። በሽታው የሚያገረሸው፣ ቫይረሱም መድኃኒቱን መልመድ የሚጀምረው እንዲህ ባለው ክፍተት ነው። ስለዚህ ድመቷ በየሳምንቱ ትመዘን፤ ክብደቷ ሲጨምር መጠኑም አብሮ ይጨምር። የከሳች ድመት ክብደት ብትቀንስ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ መጠን አይቀነስም።

ሚዛኑም ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ድመት አቅፎ የሰው ሚዛን ላይ መቆምና የራስን ክብደት መቀነስ የ200 ግራም ስሕተት በቀላሉ ያመጣል፤ በ2 ኪሎ ድመት ላይ ይህ አንድ አሥረኛ ነው። ቢያንስ 5 ኪሎ የሚችል የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ የፕላስቲክ ሣጥን አስቀምጦ፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሶ፣ ድመቷን ሣጥኑ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ይሁን። ቀኑ፣ ክብደቱ፣ ሚሊ ግራሙ፣ የኪኒኑ ቁራጭ ብዛት፣ የተሰጠበት ሰዓትና የሰጪው ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና ፍሪጁ ላይ ይለጠፍ። አሠሪዋ ሲጓዙ ወይም ሠራተኛዋ የዕረፍት ቀኗ ሲሆን ድመቷ ሁለት ጊዜ እንዳትወስድ ወይም ጭራሽ እንዳትዘለል የሚያደርገው ይህ ወረቀት ነው። ሐኪሞችንም እንለምናለን፤ መጠኑን በቁጥር ብቻ ሳይሆን የኪኒኑን ቁራጭ በሥዕል አድርጋችሁ ለምትሰጠው ሰው በእጇ አስይዟት።

ኪኒኑ ባዶ ሆድ ላይ የተሻለ ይመጠጣል። በጥቂት ጣፋጭ ምግብ፣ ለምሳሌ በአንዲት ቁራሽ ቱና ውስጥ ደብቆ መስጠትና ዋናውን ምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ጥሩ ነው። በደረቁ የዋጠችው ኪኒን ጉሮሮዋ ላይ እንዳይቀር በስሪንጅ ትንሽ ውሃ ይከተለው። ኪኒኑ በትውከቷ ውስጥ ከታየ ሐኪሙን ጠይቆ መድገም ያስፈልጋል። ሰዓት ካለፈ እንደታወሰ ይሰጥ፤ በማግስቱ ግን እጥፍ አይሰጥም። ለሳምንት የሚሆን ኪኒን ፈጭቶ ከምግብ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥም ትክክል አይደለም፤ ድመቷ ግማሹን ሳህን ትታ ብትሄድ ምን ያህል እንደወሰደች ማወቅ አይቻልም።

መብላት ላቃታት ወይም ለተዳከመች ድመት ሐኪሙ መጀመሪያ ሬምዴሲቪርን በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል። ሬምዴሲቪር በሰውነት ውስጥ ወደ ጂ ኤስ የሚለወጥ መድኃኒት ነው፤ ሞለኪውሉ ግን በሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ የአንዱ ሚሊ ግራም ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር አዲሱን መጠን የሚያሰላው ሐኪሙ ነው። ከቆዳ በታች የሚወጋው ጂ ኤስ አሲድነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ያቃጥላል፣ ቆዳውንም ሊያቆስል ይችላል፤ ኪኒን በሚገኝበት ቦታ ድመቷን ለሳምንታት በመርፌ ማሠቃየት ምንም ምክንያት የለውም። የጥቁር ገበያው ምርት ሌላም ችግር አለበት። ተመራማሪዎች እነዚህን ምርቶች ሲመረምሩ ውስጣቸው ያለው መጠን ምልክታቸው ላይ ከተጻፈው ጋር የማይገጥም ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ብልቃጥ ሲያልቅ የሌላ ስም ያለው ሲገዛ «ያው መጠን» የተባለው ያው አይደለም።

ሞልኑፒራቪር የተባለው የኮቪድ መድኃኒትም ይሠራል። በቆጵሮስ በ2023 አዲስ ዓይነት የድመት ኮሮና ቫይረስ፣ ከውሻ ኮሮና ቫይረስ ጋር ተዳቅሎ የተፈጠረ፣ ድመቶችን ሲፈጅ መንግሥት ለሰው ገዝቶት የተረፈውን የሞልኑፒራቪር ክምችት ለድመቶች እንዲውል በነሐሴ ፈቀደ። ይህ ውሳኔ ሊመሰገን የሚገባው ነው። መድኃኒቱን አያያዝ ላይ ግን አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። የሰው ካፕሱል 200 ሚሊ ግራም ይይዛል። 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት በኪሎ 12 ሚሊ ግራም ቢታዘዝላት በአንድ ጊዜ የሚያስፈልጋት 36 ሚሊ ግራም ነው፤ በየ12 ሰዓቱ። ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን በዓይን ለአምስት መክፈል መጠኑን ማወቅ አይደለም፤ ፋርማሲ መዝኖ በትናንሽ ካፕሱል ሊያዘጋጀው ይገባል። መጠኑ ሲበዛ የነጭ ደም ሴል መቀነስ፣ የፀጉር መርገፍ፣ የጆሮ ጫፍ መታጠፍና የጢም መሰባበር ታይቷል። ሞልኑፒራቪር ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት የተከፈተ ካፕሱል መንካት የለባትም፤ ሌላውም ሰው ጓንት አድርጎ ይያዘው። ይህን ሥራ የታዘዘች እህት መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ ስሙን ጠይቃ የማወቅና ነፍሰ ጡር ከሆነች አልነካም የማለት መብት አላት።

ሕክምናው ከጀመረ በኋላ ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎቷም በቀናት ውስጥ ይመለሳል። በአምስት ቀን ምንም ለውጥ ካልታየ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ መድኃኒቱ ደካማ ነው፣ ወይ በሽታው ሌላ ነው፤ መጠበቅ ሳይሆን ወደ ሐኪም መመለስ ነው። በሕክምናው መካከል አዲስ መወላገድ ወይም የዓይን ደፍራሳነት ከመጣ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር፤ መጠኑ አንጎል ሲነካ ወደሚሰጠው መጠን ከፍ ማለት አለበት። የደም ምርመራ በሁለተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ይደረጋል። መጀመሪያ ላይ የሆድ ውሃው ሲመጠጥ ግሎቡሊን ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፤ የጉበት ኢንዛይምም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። እነዚህን አይቶ ደንግጦ መድኃኒት ማቆም አይገባም። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መቆጣት የሚያስታግስ ስቴሮይድ በአፍ ስትወስድ የቆየች ከሆነ ሐኪሙ እንዲያስቆመው ይጠየቅ፤ መቆጣቱን እየሸፈነ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ርዝመቱ ከወጪው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁሉም ይጠይቃል። የተለመደው 84 ቀን ነው። ባለ 3 ኪሎ ድመት በቀን 45 ሚሊ ግራም ስለሚያስፈልጋት ጠቅላላው 3,780 ሚሊ ግራም፣ ወደ 76 ኪኒን ይሆናል። በጀርመን ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ በ2024 የታተመ ጥናት ውሃ የቋጠሩ 40 ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ 42 ቀንና 84 ቀን አክሞ ውጤቱ እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ትልቅ ተስፋ ነው፤ ወጪውን በግማሽ ይቀንሳል። ሆኖም 42 ቀን ላይ ማቆም የሚቻለው ውሃው ጠፍቶ፣ የደም ውጤቱ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ዓይንና አንጎል ያልተነኩ መሆናቸው በሐኪም ሲረጋገጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ድመቷ መዝለል ስለጀመረች ማቆም ከዚህ ጥናት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ 12 ሳምንት ክትትል ይቀጥላል። ሲያገረሽ በብዛት የሚያገረሸው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ሳምንታዊው ሚዛን አይቋረጥ፤ ክብደት መቀነስ፣ መደበቅ ማብዛት፣ ወይም ከ39.2 ዲግሪ በላይ ሙቀት ከታየ ደሟ እንደገና ይመርመር። ካገረሸ መጠኑ ከቀድሞው በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ያህል ጨምሮ እንደገና ይጀመራል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ታክመው የዳኑ ድመቶች አሉ። በቤቱ ያሉ ሌሎች ጤነኛ ድመቶች መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። የአሸዋ ሳህናቸው በየቀኑ ይጸዳ፣ ከምግባቸው ይራቅ፤ ድመቷ ከሞተች ደግሞ ቫይረሱ በደረቀ አካባቢ እስከ ሰባት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል አዲስ ግልገል ከማምጣት በፊት ሁለት ወር ያህል ይጠበቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
በድመቶች ሕክምና የምንሠራ የእንስሳት ሐኪሞች